የማርቆስ ጆሮ

ባለፈው ቅዳሜ የሰርግ መኪኖች በቤቴ ደጃፍ ሊያልፉ መጥተው ቆሙ። ከአረካ በኩል የመጣ አንድ ባጃጅ መሃል መንገድ ላይ ጎማው ተንፍሶ ሰልፉን በሙሉ ዘግቶት ነበር። ከፊት ሙሽሮቹን የያዘችው ነጭ ቮልስ ናት። ዛሬ ዛሬ ቮልስ የምትወጣው ለሰርግ ብቻ ነው፤ አበባ ይለጥፉባታል፣ ሪባን ያስሩባታል፣ በማግስቱ መልሰው ሸራ ያለብሷታል። የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ ልትቀርጻት ሮጠች። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሞተሯ ከኋላ ያጉረመርማል፤ በጉርምርምታው መሃል ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ አለች፦ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። እግሬ ሳላዘው ወደ መኪናዋ ሄደ። «ልጄ፣» አልኩት ሾፌሩን፣ «በግራ በኩል አንዱ ቫልቮላህ ላልቷል። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ አሳየው።» ልጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሳቀ። «እማማ፣ ሜካኒክ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ሙሽሪትም ሳቀች። ባጃጁን ገፍተው አወጡት፣ ጥሩምባው ቀለጠ፣ ሄዱ። እኔ ቤት ገብቼ ምሳዬን ማላመጥ አቃተኝ። ሰማንያ ዓመት አልፎኛል፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ዓይኔ ደክሟል። ጆሮዬ ብቻ እንደ ልጅነቴ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው ሊቀርለት የሚገባው ጆሮዬ።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ ሶዶ መኪኖቿ በጣት የሚቆጠሩ ከተማ ነበረች። ዝናብ ሲጥል ከገበያው በላይ ያለው ቁልቁለት ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጥ ነበር፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ቀዩ አቧራ የሰውን ቅንድብ ያቀላል። በስሙኒ የገዛሽውን ሙዝ ለመሸከም ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ። ዳቦ አምስት ሳንቲም። ወንዱ ደህና ደመወዝ ካገኘ ቴትረን ሱሪ ያሰፋል፣ ካላገኘ ካኪ ይለብሳል፤ እኛ ሴቶች ለእሑድ የኒሎን ሻሽ ነበረን፣ የእኔ አረንጓዴ ነበር። አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ከነበረው ቡና ቤት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ባሌ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበረ ወደዚያ አይገባም፤ ግን ክራር የሚያጅበው ዘፈን ሲመጣ ሰው የሚጠብቅ መስሎ ከግድግዳው ውጭ ይቆማል። ዘፈኑ ሲያልቅ «አልመጣም ሰውዬው» ብሎ ይሄዳል። አሁን ያ ቡና ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ግድግዳውም የለም፣ መስታወት ነው። ባለፍኩ ቁጥር የቆመባትን ቦታ አያለሁ።

ማርቆስ ሜካኒክ ነበር። ሥራውን የተማረው ሻሸመኔ ከቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው፤ ስለዚህ በቤታችን ጸሎት በወላይትኛ፣ ደንበኛ በአማርኛ፣ ብረት በጣሊያንኛ ነበር የሚጠራው። ጋራዡ ከገበያው በታች ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ነው። ሰው የሚመጣለት ለእጁ ብቻ አልነበረም፤ ለጆሮውም ነበር። ገና ዳገቱን ሳይጨርሱ መኪኖቹን በድምፃቸው ይለያል፦ «ይኼ የቦዲቲው ነጋዴ ፎርድ ነው፣ ካንዴላው ቆሽሿል።» ከሁሉም የሚወደው ቮልስን ነበር፤ ውሃ የማትጠጣ፣ በንፋስ ብቻ የምትቀዘቅዝ። ቫልቮላዋን፣ ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን ትናንሽ በሮች፣ የሚያስተካክለው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ማታ ትታችሁልኝ ሂዱ ይላቸዋል። ሲነጋ ጆንያውን አንጥፎ ከኋላ ጎማዋ አጠገብ ይተኛል፣ በሽቦ የተያዘውን ክዳን ያነሳል፣ ሞተሩን በእጁ እያዞረ ተራ በተራ በየቫልቮላው ጫፍ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የብረት መለኪያ ያስገባል። ክፍተቱ ከሰፋ ዳዶውን ፈትቶ ብሎኑን በካቻቢቴ ትንሽ ያጠብቃል፤ ከጠበበ ያላላል። መለኪያዋ ሳትላላ ሳትጣበቅ፣ ያዝ እያደረጋት ማለፍ አለባት።

«ላልቶ የሚጮኸው አያስፈራም፣» ብሎ አስረድቶኛል በተጋባን ሰሞን። «ጠብቆ ዝም ያለው ነው ሞተር የሚገድለው። ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ እሳቱ ይበላዋል፣ አንድ ቀን አንገቱ ይቆረጣል።» መለኪያ እያለ ጆሮ ለምን እንደሚያስፈልግም ጠይቄው ነበር። በአሮጌ ሞተር የብሎኑ ጫፍ ተበልቶ ይጎደጉዳል፤ መለኪያዋ በጉድጓዱ ላይ ታልፍና ትክክል ነው ትላለች፣ ስለዚህ ሞተሩን አስነስቶ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል አለኝ። በሶዶ ያሉት መኪኖች ደግሞ ሁሉም አሮጌ ነበሩ።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ማርቆስ መሳል ጀመረ። መጀመሪያ አቧራው ነው አልን፤ በኋላ መሐረቡ ላይ ደም አየሁ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ እዚያ ድሬሰር ጌታቸው የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ ከሰሜን የመጡ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ነጭ ካፖርታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ግራጫ ቮልስ ነበረቻቸው፤ የመድኃኒት ሣጥን ጭነው በየገጠሩ ይዞሩባታል፣ ማርቆስም ከእጁ አይለያትም ነበር። ሳንባ ነው አሉን። ለብዙ ወራት በየቀኑ መርፌ መወጋት አለበት። የክረምቱ ዝናብ ሲጠና ማርቆስ ዳገቱን መውጣት ስላቃተው ራሳቸው በቮልሷ እየመጡ ቤታችን ይወጉት ነበር። ጭቃ ጫማቸውን በራችን ላይ አውልቀው በካልሲ ነበር የሚገቡት። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን ወጥተው ስሸኛቸው እጃቸውን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ አድርገው ቆሙ።

«ዶርቃ፣ ይኼ መርፌ ጎበዝ ነው። ግን አንዳንድ ሰው ላይ ጆሮ ይነካል። ማርቆስ ጆሮዬ ጮኸ ካለ፣ ወይ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ነገ ሳትዪ በዚያው ቀን መጥተሽ ንገሪኝ። እሱ ራሱ እንዳይደነግጥ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ።»

«ብነግርዎት ምን ይሆናል ጋሼ?»

«መርፌውን እናቆማለን።»

«ካቆማችሁስ?»

ዓይናቸው ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ ተራራው ሄደ። «ሌላ ነገር እንሞክራለን» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ንግግር በጆሮዬ የቀረው «እናቆማለን» የሚለው ብቻ ነው። ከእኛ ሰፈር በዚያው በሽታ የሞቱ ሁለት ሰዎችን ገንዘን ነበር፤ አንደኛው ከማርቆስ የሚወፍር ሰው ነበር። ማርቆስ ደግሞ መሻል ጀምሮ ነበር። ደሙ ቆሟል፣ የቦይናውን፣ የተቀቀለ ጎደሬውን፣ ሳህን ይጨርሳል፣ ጉንጩ መመለስ ይዟል።

መርፌው ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ዶርቃ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገባ» አለኝ እየሳቀ። «ጢዝ ይላል፣ አያባራም። ለጋሼ ጌታቸው ልንገራቸው ይሆን?»

እጄ ላይ የያዝኩትን ማንኪያ አስቀመጥኩ፣ ትዝ ይለኛል፣ ቀስ ብዬ።

«ተው፣» አልኩት። «የድካም ነው። ሥጋህ ሲመለስ ይተውሃል። እሳቸውን በማይረባ ነገር አታስቸግራቸው፣ መርፌህን ጨርስ።»

አመነኝ። ድሬሰሩ በመጡ ጊዜ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ ጋሼ» አለ፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ እኔም «ደህና ነው» አልኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ «ደህና ነው» አልኩ።

ሳንባው ዳነ። በግ አርደን ጎረቤት ጠራን፣ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጠን፣ ድሬሰር ጌታቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው አለቀሱ። ፌንጣውም እንዳልኩት ትቶት ሄደ፤ ሲሄድ ግን ባዶውን አልሄደም። መጀመሪያ የወሰደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። የወፉን፣ የፉጨቱን፣ የቫልቮላውን። የሰው ንግግር ገና ይሰማው ስለነበር ለጥቂት ወር ማንም አላወቀም። እሱ ራሱ ያወቀው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ያስተካከላትን መኪና አስነስቶ ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ ምንም የለም፤ ጥሩ ሠራሁ ብሎ ቀና ሲል ባለመኪናው «ምነው ማርቆስ፣ እንደ በፊቱ ይቀጠቅጣል እኮ!» አለው። የዚያን ቀን ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ለማንም አትንገሪ» አለኝ። «ጆሮ የሌለው ሜካኒክ ማን መኪና ይሰጠዋል?»

ስለዚህ እኔ ሄድኩ። ምሳ አመላላሽ መስዬ ቦይናና ዳጣ በሰፌድ ይዤ እደርሳለሁ፣ የተጋደመ ጎማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ እሰማለሁ። የቀኙ ከሆነ ሻሼን በቀኝ እጄ አስተካክላለሁ፣ የግራው ከሆነ በግራ፤ የፊተኛው ከሆነ አንድ ጊዜ፣ የኋለኛው ከሆነ ሁለት ጊዜ። ማታ ማታ ደጋግሞ ያስተምረኛል፣ በጥፍሩ ጠረጴዛ እየመታ፦ «ቫልቮላ እንዲህ ነው፣ ፒስቶን ግን ድምፁ ከደረት ነው፣ ይወፍራል።» በከተማው መሳቂያ ሆንን፤ ሚስቱ ቀንታበት ነው የምትጠብቀው አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ማርቆስ ሐሜቱን አልሰማም፣ እኔ ነኝ የሰማሁለት። ማፈሬ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አልሸሽግም። ከእነዚያ ወራት የበለጠ የተደሰትኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ሞተር እየጮኸ ከሰው ሁሉ መሃል ዓይኑ እኔን ብቻ ይፈልግ ነበር። ያጠፋሁትን እየካስኩ ነው ብዬም አስብ ነበር።

ከዚያ ቦዲቲ ያለችው እናቴ አረፈች። ለቅሶ ተቀምጬ ሳምንት ቆየሁ።

ድሬሰር ጌታቸው ቮልሳቸውን ይዘው ወደ ጋራዡ የሄዱት በዚያ ሳምንት ነው። ወደ ቤሌ ሊወርዱ ነበር፤ እዚያ ሕፃናት የሚከተቡበት ቀን ነው። በኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ «ማርቆስ፣ ያ የግራው ጠክ ጠክ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ተሽሎት ይሆን?» ብለውታል። የዱሮው ማርቆስ ይህን ቢሰማ ቁልፉን ከእጃቸው ነጥቆ መኪናዋን እስኪነጋ ያስቀራት ነበር። በሚያስተካክለው ሰው እጅ ሳይነካ ዝም ያለ ቫልቮላ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በሶዶ አልነበረም። ግን ንግግሩም በዚያን ጊዜ እየራቀው ነበር፤ አፋቸውን አይቶ ፈገግታቸውን አየና ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዘይት ጨመረላቸው፣ ካንዴላውን ጠረገላቸው፣ በእጁ አጨብጭቦ ሸኛቸው።

የቤሌው መውረጃ ላይ ቫልቮላው አንገቱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ፒስቶኑን በሳው፣ ሞተሩ ተሰባበረ። ድሬሰሩ የመድኃኒት ሣጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ዋሉ። በቤሌ ልጆቻቸውን ታቅፈው የተሰበሰቡት እናቶች ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚመጣ ስለጠፋ ተበተኑ። እሳቸው በቆሎ በጫነ መኪና ተመለሱ።

እኔ ከለቅሶ በተመለስኩ ማግስት ወደ ጋራዡ መጡ። ማርቆስ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ጎማ ይፈታል። «ማርቆስ» አሉ። ዝም። «ማርቆስ!» ጎማውን መፍታቱን ቀጠለ። ከመሬት አንድ ትልቅ ቁልፍ አነሱና ባዶ በርሜል ላይ ጣሉት። እኔ ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ፤ የገበያ አህዮች ደነበሩ። ማርቆስ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ዳዶዎቹን ቆጥሮ ጣሳ ውስጥ አስቀመጠ፣ አልዞረም።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ የገረጣ የሰው ፊት አይቼ አላውቅም።

«ዶርቃ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል ጋሼ።»

«መርፌው ላይ ሳለ ጆሮዬ ጮኸ ብሎ ነበር? ነግሬሽ ነበር እኮ። ብሎ ነበር?»

ይህን ጊዜ ማርቆስ ዞረ። አየንና ደስ ብሎት «ጋሼ! መኪናዋ የት አለች?» አለ በከፍተኛ ድምፅ፤ ምን እንደምንባባል ለማወቅ አንዴ የእሳቸውን አንዴ የእኔን አፍ ያያል።

«የለም፣» አልኩ። «አንድም ቀን አላለም።»

ድሬሰሩ ራሳቸውን ያዙ። «እኔ ነኝ እንግዲህ። መመርመር ነበረብኝ። በየሳምንቱ ሰዓቴን ጆሮው ላይ አድርጌ መጠየቅ ነበረብኝ፣ እኔ ነኝ» እያሉ የማርቆስን ዘይት የነካው እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ማርቆስ ግራ ገብቶት ያየኛል። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንዲት ቃል ነበረች መናገር የነበረብኝ፤ በአፌ ሙሉ ነበረች።

ቮልሷን በወደቀችበት ተዉአት፤ የአካባቢው ሰው ቆርቆሮዋን ቆራርጦ ወሰደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ድሬሰር ጌታቸው ዝውውር ጠይቀው ሶዶን ለቀቁ። ከመሄዳቸው በፊት መርፌ መውጋት ትተው መዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር አሉ። የስንብት ቀን የተተኮሰ ካፖርታቸውን ለማርቆስ ሰጡት።

ወሬው ከተማውን ዞረና ጋራዡ ተዘጋ። ማርቆስ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጋዝ አጥቦ ለአንድ የሻሸመኔ ሰው ሸጠ። ከዚያ በኋላ እንጨት ሲፈልጥ፣ የሰው እንሰት ሲኮተኩት ነው የኖረው። ልጃችን ሐና የተወለደችው በዓመቱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ነጎድጓድም አይሰማውም ነበር። ስታለቅስ መዳፉን ደረቷ ላይ ያደርጋል፤ ከፍ ብላ መዝሙር ስትዘምር ጣቱን ጉሮሮዋ ላይ ያኖራል። «ጥሩ ድምፅ አላት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ።

እሱ ያነባል፣ እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ለመናዘዝ ብፈልግ በምን ልንገረው? በእጅ ምልክት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ያም ምክንያት ሆነልኝ። በኋላ ዘመኑ ተለውጦ ሽማግሌ ሕፃን ሳይባል ሁሉም ፊደል ሲማር እኔም ተማርኩ፤ ሐና አሥር ዓመት ሆኗት ነበር። መጻፍ እንደቻልኩ መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው። ድሬሰሩ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ፌንጣውን ስትነግረኝ አውቄ ነው ዝም ያሰኘሁህ። እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው። በጋራዡም ቀን ዋሽቼአቸዋለሁ።

ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ አነበበው። መጨረሻው ላይ ደርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

«ጋሼ ጌታቸው ያውቃሉ?» አለኝ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ መለሰልኝ። ተነስቶ ወደ እንሰቱ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ማርቆስ አላናገረኝም። አልመታኝም፣ አልተለየኝም፤ ያቀረብኩለትን በላ፣ ስታመም ውሃ ቀዳልኝ። ከሐና ጋር ይጫወታል፣ ከጎረቤት ጋር ይሳሳቃል። ወደ እኔ ሲዞር አፉ ይዘጋል። ለድሬሰሩም ሄዱበት ወደተባለው አገር ጻፍኩ፤ በዓመቱ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ማረፋቸውን ነገረኝ። ይህንንም ጽፌ ለማርቆስ ሰጠሁት። አንብቦ የሰጡትን ካፖርት ከሣጥን አወጣ፣ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ለብሶት ዋለ። ቃል አልተናገረኝም።

እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። አንዳንዴ ባልነግረው ኖሮ እላለሁ። አንዳንዴ ያን ጠዋት ሮጬ ለድሬሰሩ ብነግራቸው፣ መርፌው ቆሞ በወሩ እንቀብረው ነበር እላለሁ። ወይም ጆሮውም ሳንባውም ይተርፍ ነበር። የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁትን ሰው እኔ ነኝ ያሳደድኳቸው።

ማርቆስ የሞተው በጉበት ነው፣ በግንቦት፣ ረፋድ ላይ። ሐና መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ ነበር፤ ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሃታ» አለ። በቋንቋችን ውሃ ማለት ነው።

ለእኔ ነው የተናገረው፤ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም። ራሱን ቀና አድርጌ በብርጭቆ አጠጣሁት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨ፣ የቀረው በአገጩ ፈሰሰ። ጠረግሁለትና ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቼ ጎንበስ አልኩ፣ የሚጨምረው ቃል ካለ ብዬ። ትንፋሹ ጉንጬን ይነካኝ ነበር። ሐና በሩን ከፍታ እስክትገባ ድረስ እንደዚያው ጎንበስ ብዬ ጠበቅሁ። ስትገባ ትንፋሹ ከቆመ ቆይቶ ነበር።